ክረምት በባልዲ

ማታ ላይ ከመስታወት ገንዳው ውኃ ሲሦው ያህል ተቀድቶ ይደፋል። በቦታው ከቀድሞው አምስት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ቀዝቀዝ ያለ ንጹሕ ውኃ ቀስ እያለ ይሞላል። በማግስቱ ጠዋት፣ እስከ ትናንት ድረስ አፍንጫቸውን አሸዋ ውስጥ ቀብረው ይውሉ የነበሩት ትንንሽ ዓሦች መስታወቱን ይዘው ሽቅብ ቁልቁል ይሯሯጣሉ። ወንዶቹ ሴቷን ይከተላሉ፤ ሴቷ መስታወቱን በአፏ ታጸዳለች። ፀሐይ ሳትበረታ፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው የተለጠፉ የሚያብረቀርቁ እንቁላሎች በመስታወቱ ላይ መታየት ይጀምራሉ። ሁልጊዜ በአንድ ሌሊት ይሳካል ማለት አይደለም፤ አንዳንዴ ሦስት አራት ምሽት መደጋገም ይጠይቃል። ዘዴው ግን ይኸው ነው፤ ለዓሦቹ ክረምት የገባ ማስመሰል።

ዓሦቹ ኮሪዶራስ፣ በአጭሩም ኮሪ ይባላሉ። በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በጫሞ የሚታወቀው አምባዛ የሩቅ ዘመዳቸው ነው፤ ሁለቱም ከ3,000 በላይ ዝርያዎች ባሉት፣ በአፉ ዙሪያ በሚያበቅለው ሪዝ በሚታወቀው ታላቅ የዓሣ ነገድ ውስጥ ይመደባሉ። ዝምድናው ግን በመልክ ብዙም አይታይም። አምባዛ ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፣ ቆዳው ልሙጥ ነው፣ አፉ የቻለውን ዓሣ ሁሉ ይውጣል። ኮሪዶራስ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ጎልማሳ ነው። ጎንና ጎኑን በሁለት ረድፍ የተደረደሩ የአጥንት ሰሌዳዎች ይሸፍኑታል፤ በጀርባውና በደረቱ ክንፎች ፊት ጠንካራ እሾህ አለው። የሚኖረውም በሪዙ አሸዋ እየፈተሸ ትልና እጭ በመልቀም ነው። ሪዙ ይነካል፣ ይቀምሳልም፤ ጭቃ ባደፈረሰው ውኃ ውስጥ ከዓይን ይልቅ የሚያገለግለው እሱ ነው።

አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው። ከአንዲስ ተራሮች በስተ ምሥራቅ፣ ከትሪኒዳድ ደሴት አንሥቶ እስከ ላ ፕላታ ወንዝ ተፋሰስ ድረስ ባሉ ጅረቶች፣ ወንዞችና ረግረጎች ይገኛል። በዓለም ዙሪያ በየቤቱ ገንዳ የሚረቡት በተለይ ሁለት ዝርያዎች ናቸው። አንደኛው ኮሪዶራስ ኤኒየስ ነው፤ ጎኑ የነሐስ ቀለም ስላለው ነሐስማው ይባላል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ጊል በ1858 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከትሪኒዳድ በመጣ ናሙና ለሳይንስ አስተዋወቀው። ሁለተኛው ኮሪዶራስ ፓሌያተስ፣ ጥቁር ነጠብጣብ የተረጨበት የደቡብ ዓሣ ነው። የዚህኛውን ናሙና ይዞ የተመለሰው በቢግል መርከብ ዓለምን የዞረው ወጣቱ ቻርልስ ዳርዊን ሲሆን፣ ሌናርድ ጄኒንስ የተባለው ቄስና የተፈጥሮ ተመራማሪ በ1842 ስም አወጣለት። በ2024 ደግሞ ሳይንቲስቶች ኮሪዶራሶችንና የቅርብ ዘመዶቻቸውን በሰባት ወገን ከፍለው፣ ነሐስማውን ኦስቲዮጋስተር፣ ነጠብጣቡን ሆፕሊሶማ ከሚባል ወገን አግብተዋቸዋል። የዓሣ ነጋዴው ግን ዛሬም በድሮ ስማቸው ይሸጣቸዋል፤ እዚህም በድሮ ስማቸው ይጠሩ።

ነጠብጣቡ ኮሪ ከሰው ቤት ጋር የቆየ ትውውቅ አለው። ፒየር ካርቦኒዬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1878 ፓሪስ ውስጥ አራብቶታል። ሰውየው በዚያ ዘመን በሙያው የታወቀ ነበር፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከቻይና የመጣውን የገነት ዓሣ አራብቶ ስም አትርፏል። ያኔ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የለም፣ የአየር ፓምፕም በየቤቱ አልገባም። ከሞቃት አገር የመጡ ዓሦች በአውሮፓ ክረምት በብርድ፣ በበጋ ደግሞ በአየር እጦት ያልቁ ነበር። ነጠብጣቡ ኮሪ በሁለቱም በኩል የተዘጋጀ ሆኖ ተገኘ። የትውልድ ወንዞቹ ቀዝቃዛ ስለሆኑ ብርዱን ቻለው፤ ውኃው አየር ሲያጥረው ደግሞ ሌላ መላ ነበረው።

መላው አንጀቱ ነው። ኮሪዶራስ እንደማንኛውም ዓሣ በስንጥቡ ይተነፍሳል። በዚያ ላይ ግን በየጊዜው እንደ ቀስት ወደ ውኃው ገጽ ተወርውሮ አየር ይጎርስና ተመልሶ ይወርዳል። የጎረሰው አየር በጨጓራው አልፎ ወደ ኋለኛው አንጀት ይሄዳል፤ እዚያ ግድግዳው ስስ ነው፣ ደቃቅ የደም ሥሮችም ሞልተውበታል፣ ኦክስጅኑን ይመጥጡታል። የተረፈው በኋላ በኩል ይወጣል። አምባዛም አየር ይጎርሳል፤ የእሱ መተንፈሻ ግን ከስንጥቡ በላይ ያለ ቅርንጫፋም አካል ነው። ገንዳ የገዛ ሰው ኮሪዎቹ አልፎ አልፎ ሽቅብ ሲፈናጠሩ አይቶ ሊደነግጥ አይገባም። በየደቂቃው ከሆነ ግን ውኃው ችግር አለበት።

ይህ ለአየር የተሠራ ፈጣን መተላለፊያ ለሌላ ሥራም ይውላል፤ የኮሪዶራስ ነገር እውነት የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። በርቢ ጊዜ ወንዱ ከሴቷ ፊት ለፊት በጎኑ ጋደም ይላል፤ ሴቷ አፏን ከሆዱ ሥር ታስጠጋለች፣ እሱም በደረት ክንፉ ሪዟን ቆልፎ ይይዛታል። ከላይ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ዓሦች የላቲኑን ቲ ፊደል ሠርተው ለጥቂት ሰከንዶች ይቆማሉ። ከዚያ ይላቀቃሉ። ሴቷ ከሆዷ በታች ያሉትን ሁለት ክንፎች እንደ ከረጢት ገጥማ በውስጡ ጥቂት እንቁላል ትይዛለች። እንቁላሎቹ ዘር ያገኙት መቼና በየት በኩል እንደሆነ አርቢዎች ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። አንዱ ወገን ዘሩ በውኃ ተንሳፍፎ ይደርሳል ሲል፣ ሌላው ሴቷ በአፏ ይዛ ወስዳ መስታወቱ ላይ ትቀባዋለች ይል ነበር።

ማሳኖሪ ኮዳና የሥራ ባልደረቦቹ በ1995 ያወጡት ጥናት ክርክሩን ቢያንስ ለነሐስማው ኮሪ ቆረጠው። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ያደረጉት እጅግ ቀላል ነገር ነበር። ዓሦቹ በቲ ፊደል በቆሙበት ቅጽበት በሴቷ አፍ አጠገብ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አደረጉ። ቀለሙ በአማካይ ከአራት ሰከንድ ትንሽ በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ በሴቷ ሆድ በታች፣ እንቁላሎቹ ከታቀፉበት ክንፍ መሃል፣ ደመና ሆኖ ወጣ። ሴቷ የወንዱን ዘር ትጠጣዋለች ማለት ነው። ዘሩ ሳይፈጭ ሳይበላሽ አንጀቷን አቋርጦ እንቁላሎቹ ላይ ይፈስሳል። ሌሎች ወንዶች ከጎን ተኮልኩለው እየተጋፉ ሳለ፣ በዚያች ቅጽበት የታቀፉት እንቁላሎች አባት የጠጣችለት አንዱ ብቻ ይሆናል። በምግብ ቧንቧ በኩል አባትነትን ማረጋገጥ ለማንም የሚታሰብ ዘዴ አይደለም። ለአየር ተብሎ ለፈጠነ አንጀት ግን ብዙም ሩቅ መንገድ አልነበረም።

ይህን ሁሉ ቤት ውስጥ ለማየት የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ስልሳ ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ፣ የአየር ፓምፕ፣ በፓምፑ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ፣ ቴርሞ ሜትር፣ ጥሩ ክዳን። ወለሉ ላይ የሚነጠፈው ደቃቅ አሸዋ መሆን አለበት። ዓሦቹ አሸዋውን ጎርሰው በስንጥባቸው በኩል እየለቀቁ ምግባቸውን ያበጥራሉ፤ በሹል ጠጠርና በቆሸሸ ወለል ላይ ሲኖሩ ግን ሪዛቸው እየተበላ ያልቃል። ሪዙ ያለቀ ኮሪ የሚሸጥበት ሱቅ ጥሩ ሱቅ አይደለም።

ከዕቃው የሚከብደው ትዕግሥቱ ነው። አዲስ ገንዳ ውኃ ስለተሞላ ብቻ ዓሣ አያኖርም። ከዓሣው ሽንትና ከምግብ ትራፊ የሚወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በስፖንጁ ውስጥ መቀመጥ አለባቸው፤ ይህም ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ጀማሪ ከሚገድላቸው ዓሦች ብዙዎቹ የሚሞቱት በዚህ ጊዜ ውስጥ ነው፤ በሽታ ይዞት ነው ይባላል እንጂ መርዝ ነው የገደለው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪን ሊኖረው ስለሚችል ክፍት ሆኖ አድሮ ወይም ክሎሪን ማጥፊያ ተጨምሮበት ነው የሚገባው። በክሎሪን ፈንታ ክሎራሚን በሚጠቀሙ ከተሞች ማሳደር ብቻውን አይበቃም፤ ማጥፊያው ግዴታ ነው።

ከፍ ባለ ቦታ ለሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የዓሣ ገንዳ መጻሕፍት በባሕር ጠለል ልክ የተጻፉ ናቸው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በእኩል ሙቀት ላይ ያለ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በጠረፍ ከተማ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ መጽሐፉ ሃያ ዓሣ ይችላል ያለው ገንዳ በደጋ ከአሥራ አምስት ቢበልጥ ይጨናነቃል፤ የአየር ፓምፑም ሌሊት አይጠፋም። ብርዱ ግን ጥቅም አለው። ነሐስማው ኮሪ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ስለሚፈልግ በደጋ ቤት ማሞቂያ ያስገዛል። ነጠብጣቡ ከ18 እስከ 23 ዲግሪ ባለው ውኃ ደስ ብሎት ይኖራል። ለደጋ ጀማሪ የቱ ይሻላል ከተባለ፣ ካርቦኒዬ ያለ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያራባው ይሻላል።

ኮሪ ብቻውን አይኖርም። ስድስት ካልሆኑ ይፈራሉ፣ ከተደበቁበት አይወጡም፣ ርቢም አይታሰብም። ወንድና ሴት ለመለየት ከጎን ማየት አይጠቅምም፤ ከላይ ሆኖ ቁልቁል መመልከት ነው። ሴቷ ከትከሻዋ ጀምሮ ሰፋ ትላለች፣ ወንዱ ቀጭን ነው። ለአንድ ሴት ሁለት ወንድ ቢደርስ ጥሩ ነው፤ ከብዙዎቹ ዓሦች በተለየ ኮሪዎች በሴት አይደባደቡም፣ ሴቷም ብዙ አሳዳጅ ሲኖራት ትነቃቃለች።

ቀጥሎ በጋው ይመጣል። በደቡብ አሜሪካ ወንዞች ድርቅ ሲገባ ውኃው ይቀንሳል፣ ይሞቃል፣ ማዕድኑ ይበዛበታል። ዝናቡ ሲወርድ ደግሞ ቀዝቃዛና ማዕድን አልባ ውኃ ይጎርፋል፣ ዳርቻው ይጥለቀለቃል፣ የነፍሳት እጭ በየቦታው ይፈላል፤ ለጫጩት የሚሆን ምግብ የሚገኘው ያኔ ነው። አርቢው ይህን ቅደም ተከተል በትንሹ ይደግመዋል። ለሁለት ሳምንት ያህል ውኃውን እምብዛም አይቀይርም፤ በትነት ሲጎድልም ዝም ይላል። በዚያው ጊዜ ግን ሴቶቹን በደንብ ይመግባል፤ በደረቅ መኖ ፋንታ ቀይ የትንኝ እጭ፣ ዳፍኒያ የተባሉ ደቃቅ የውኃ ፍጥረታት፣ ነጭ ትል ያቀርብላቸዋል። ሴቶቹ ሆዳቸው ሞልቶ ጎናቸው ሲያብጥ፣ ባልዲው ይመጣል። ብዙ አርቢዎች ቀኑን የሚመርጡት ሰማይ አይተው ነው። ዝናብ ያረገዘ ሰማይ ሲመጣ የአየር ግፊቱ ይወርዳል፤ ኮሪዎቹ ይህን ያውቁታል ይላሉ፤ እውነትም ከነጎድጓድ በፊት ባለው ሌሊት ማንም ሳይነካቸው የሚራቡ ኮሪዎች ብዙ ናቸው።

ርቢው ከጀመረ ለብዙ ሰዓታት ይቆያል። በየተራው ሴቷ ከሁለት እስከ አሥር የሚደርሱ እንቁላሎች ይዛ ትዞርና፣ ያጸዳችውን ቦታ ስታገኝ ሆዷን አስጠግታ ትለጥፋቸዋለች። መስታወት ትወዳለች፣ በተለይ ከማጣሪያው የሚወጣው ውኃ የሚገፋበትን ጥግ። ቅጠል ላይም ታስቀምጣለች። ደህና የበላች ነሐስማ በአንድ ርቢ ከመቶ በላይ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ ሁሉም ነገር ይለወጣል። ሲራኮቱ የዋሉት ወላጆች ይርባቸዋል፤ አጠገባቸው ያለው ምግብ ደግሞ እንቁላሉ ነው። የኮሪ እናትነት በመለጠፍ ያበቃል።

ስለዚህ አርቢው ወይ ወላጆቹን ያወጣል፣ ወይ እንቁላሉን። ወላጆቹን ማውጣት ይቀላል የሚመስለው መረብ እስኪነሣ ድረስ ነው። ኮሪ ሲደነግጥ የደረቱን እሾህ ዘርግቶ ይቆልፋል፤ እሾሁ በመረቡ ውስጥ ይጠላለፋል፣ መረብ ከዓሣ መለየት አንዱን ማበላሸት ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች በፕላስቲክ ዕቃ ከውኃው ጋር ነው የሚቀዷቸው። እንቁላሉን ማንሣት ለብዙዎች ይሻላል። በተጣለ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቆዳው ጠንከር ይላል፤ ያኔ በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ ማንከባለል ወይም በስስ ፕላስቲክ ካርድ መፋቅ ይቻላል። ሁለት ሚሊ ሜትር የማትሞላ እንቁላል ብትሆንም ጣት ላይ ጠንካራና ሙጫማ ናት፤ አትፈርጥም።

እንቁላሎቹ ከገንዳው በተቀዳ በራሱ ውኃ፣ በትንሽ ዕቃ ይቀመጣሉ፤ በጎናቸው የአየር አረፋ ቀስ እያለ ይወጣል። ከአንድ ቀን በኋላ መለየት ይጀምራሉ። ዘር ያገኙት እየጠየሙ ቡናማ ይሆናሉ፣ ያላገኙት ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ነጩ የሻጋታ ቤት ነው። በአንዱ ላይ የበቀለው ፀጉራም ሻጋታ ወደ ጤነኛው ጎረቤት ስለሚሻገር፣ ነጮቹን በየጊዜው በጠብታ መሳቢያ መልቀም የግድ ነው። አንዳንዱ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ሰማያዊ መድኃኒት ውኃው ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ እስኪሆን ይጨምራል። ሌላው ካታፓ የሚባለውን የሞቃት አገር ዛፍ ደረቅ ቅጠል ይዘፈዝፋል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ጣኒን ውኃውን ሻይ አስመስሎ ሻጋታውን ያዳክማል። ሁለቱም ይሠራሉ። ነጮቹን መልቀም ግን ከሁለቱም ይበልጣል።

በ25 ዲግሪ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈለፈላሉ። አዲስ ጫጩት ጅራት የተቀጠለበት የአስኳል ከረጢት ነው ማለት ይቻላል፤ ለሁለት ቀን ያህል ከረጢቱን እየተመገበ መሬት ላይ ይተኛል እንጂ ምግብ አይፈልግም። ጀማሪ አርቢ በዚህ ጊዜ ምግብ ይበትንና ሁሉንም ይገድላል። ያልተበላው ምግብ ይበሰብሳል፣ በወለሉ ላይ ቀጭን የባክቴሪያ ንፍጥ ይነጠፋል፤ ጫጩቶቹ ደግሞ ሆዳቸውን በዚያ ላይ አስተኝተው ነው የሚውሉት። ጅራታቸው ከጫፉ እየነጣ ይበሰብሳል፣ በሁለት ቀን ውስጥ ገንዳው ባዶ ይሆናል። የኮሪ ርቢ አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው። እንቁላል ማስጣል በባልዲ ውኃ ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ማለፍ ግን በየቀኑ ጠዋትና ማታ መጎንበስ ነው።

ከረጢቱ ሲያልቅ የሚሰጠው ምግብ ሕያው ቢሆን ይመረጣል፤ የሚንቀሳቀስ ምግብ ከመበላቱ በፊት አይበሰብስም። የተለመደው አርቴሚያ የተባለች የጨው ውኃ ደቃቅ ፍጥረት ናት። ደረቅ እንቁላሏ ለዓመታት ሳይበላሽ ይቀመጣል፤ በገበያ ላይ ካለው ምርት ትልቅ ድርሻ ያለው ከአሜሪካ ዩታ ግዛት ከታላቁ የጨው ሐይቅ የሚሰበሰበው ነው። አንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከሃያ አምስት እስከ ሠላሳ ግራም ጨው ይሟሟል፣ ከእንቁላሉ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይጨመራል፣ ብርሃን ባለበት ቦታ በ27 ዲግሪ ላይ አየር እየገባበት ያድራል። በሃያ አራት ሰዓት ገደማ ከጤፍ ፍሬ ያነሱ ብርቱካናማ ፍጥረታት ሲርመሰመሱ ይታያሉ። አየሩ ሲዘጋ ቅርፊቱ ይንሳፈፋል፣ ሕያዎቹ ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ፤ ተመጥጠው፣ በንጹሕ ውኃ ታጥበው ለጫጩቶቹ ይቀርባሉ። ጨው በሌለው ውኃ ውስጥ ከጥቂት ሰዓት በላይ ስለማይኖሩ በአንድ ጊዜ ብዙ መስጠት ክልክል ነው። አርቴሚያ ላላገኘ ሰው በአጃ ገንፎ ላይ የሚራቡ ደቃቅ ነጫጭ ትሎች አሉ፤ አንዴ ዘራቸው ከተገኘ በፕላስቲክ ሳህን ለወራት ይቀጥላሉ፣ ሽታቸው ግን የቤተሰብን ስምምነት ይጠይቃል።

የጠገበ ጫጩት ሆዱ ብርቱካናማ ሆኖ በቆዳው በኩል ይታያል። አርቢው በየቀኑ ወለሉን በቀጭን ቱቦ ይመጥጣል፣ ከውኃው አንድ አምስተኛውን ያህል በእኩል ሙቀት ባለው ይተካል። ወላጆቹን ያስነሣው ቀዝቃዛ ውኃ ለሕፃናቱ አይሆንም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጫጩቶቹ ወላጆቻቸውን አይመስሉም፤ ክንፋቸው ከሰውነታቸው ይገዝፋል፣ ቆዳቸው በአሸዋ ላይ እንዳይታይ ዝንጉርጉር ነው። በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ሰሌዳው ይወጣል፣ ቀለሙ ይመጣል፤ በሁለት ወር ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናሉ።

ወደ ሌላ ቤት ሲጓዙ አንድ ጥንቃቄ አለ። ኮሪዶራስ ከእሾሁ ሥር መርዝ የሚያመነጭ ዕጢ አለው። በእጅ ላይ ቢወጋ ያቃጥላል እንጂ ለሰው አደገኛ አይደለም። በጣም የተጨነቁ ኮሪዎች በትንሽ የላስቲክ ከረጢት ውኃ ውስጥ ሲጠራቀሙ ግን ያመነጩት ነገር ራሳቸውን ይገድላቸዋል። ስለዚህ ሻጮች ዓሦቹን መጀመሪያ በሰፊ ዕቃ ውስጥ አስደንግጠው፣ ውኃውን ቀይረው ነው የሚያሽጉት።

በኮሪ የጀመረ አርቢ እዚያው አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ቀጥሎ የሚመጣው አንሲስትረስ ነው፤ መስታወት ላይ በአፉ ተለጥፎ አልጌ የሚፍቀው፣ የወንዱ አፍንጫ ላይ ቅርንጫፋም ሥጋ የሚበቅልበት የደቡብ አሜሪካ ዓሣ። እዚህ የወላጅነት ሥራ ወደ አባት ተላልፏል። ወንዱ ዋሻ ይይዛል፤ የሸክላ ቱቦ ወይም ባዶ ኮኮናት ቢሰጠውም ይበቃዋል። ሴቷ ብርቱካናማ እንቁላሏን ጥላለት ትሄዳለች። እሱ በክንፉ ውኃ እያራገበላቸው፣ ምግብ እንኳ ትቶ ይጠብቃል፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አስኳላቸውን እስኪጨርሱ ከዋሻው አይለይም። በ1999 የወጣ አንድ የምርምር ጽሑፍ በአፍንጫው ላይ ያለው ሥጋ የጫጩት መንጋ ለመምሰል የተፈጠረ ሳይሆን አይቀርም ሲል ሐሳብ አቅርቧል፤ ሴቶቹ ልጅ የያዘ ወንድ ስለሚመርጡ፣ ልጅ የሌለውም ያለው ይመስላል።

ከአፍሪካ ወገን ደግሞ ሲኖዶንቲስ መልቲፐንክታተስ አለ፤ የታንጋኒካ ሐይቅ ነዋሪ። ጃፓናዊው ቴትሱ ሳቶ በ1986 ኔቸር መጽሔት ላይ እንዳሳወቀው፣ ይህ ዓሣ ልጁን የሚያሳድገው በሌላ ዓሣ አፍ ውስጥ ነው። በሐይቁ ውስጥ እንቁላላቸውን በአፋቸው የሚታቀፉ ሲክሊድ የተባሉ ዓሦች አሉ። ሲክሊዷ እንቁላሏን ጥላ ልትለቅም ስትል ሲኖዶንቲሶቹ መሃል ገብተው የራሳቸውን ይደባልቃሉ፤ እናት ሁሉንም ትጎርሳለች። የባዕዱ ጫጩት ቀድሞ ይፈለፈልና በአፏ ውስጥ ያሉትን ልጆቿን አንድ በአንድ ይበላል። አርቢዎች ይህን ቤት ውስጥ ለማየት ከታንጋኒካ ፈንታ የማላዊ ሐይቅ ሲክሊዶችን ያስጠጓቸዋል፤ የማላዊዎቹ ከዚህ ጠላት ጋር አብረው ስላልኖሩ በቀላሉ ይታለላሉ።

በጌጥ ብቻ የማይታለፍ ርቢም አለ። በብራዚል ሺንጉ ወንዝ ብቻ የሚገኘው፣ ጥቁርና ነጭ መስመር የተሰመረበት ሃይፓንሲስትረስ ዜብራ በ1991 ለሳይንስ የተዋወቀ ዓሣ ነው። ውበቱ ወዲያው ዋጋውን አናረው፣ ዋጋው አጥማጁን አበዛው። ብራዚል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ብትከለክልም ኮንትሮባንዱ አልቆመም። በ2016 ኃይል ማመንጨት የጀመረው የቤሎ ሞንቴ ግድብም የሚኖርበትን የወንዝ ክፍል ፍሰት ለወጠው። በ2022 መጨረሻ የዓለም አቀፉ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት አባል አገሮች ፓናማ ላይ ተሰብስበው በሁለተኛው የጥበቃ ዝርዝር አስገቡት። ዜብራ በአንድ ርቢ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ያህል እንቁላል ብቻ ነው የምትጥለው። ቢሆንም በአውሮፓና በእስያ ባሉ ገንዳዎች የተወለዱ ዜብራዎች ብዙ ናቸው፤ ከወንዙ በስርቆት የሚወጣውን ዓሣ ገበያ ሊያሳጣው የሚችለውም ይኸው የቤት ውልድ ነው።

የአገራችን አምባዛ ለዚህ ሁሉ አይመችም። መጠኑን ትቶ፣ ጎርፍ ያጥለቀለቀው ሣራማ ዳርቻ ካላገኘ በሰው እጅ ያለች ሴት እንቁላሏን አትጥልም፤ ባልዲ አይደልላትም። የዓሣ ጫጩት የሚያመርቱ ጣቢያዎች ለዚህ ሆርሞን ይወጓታል፣ እንቁላሉንም ሆዷን እየጫኑ ያወጡታል፤ የወንዱን ዘር ለማግኘት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ወንዱ ይታረዳል።

ወደ ኮሪው ስንመለስ የሚቀረው ጥያቄ የብዛቱ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ልትራባ የምትችል ሴት፣ በእያንዳንዱም ርቢ በአሥሮች የሚቆጠሩ ጫጩቶች፣ በስልሳ ሊትር ገንዳ። አርቢዎች ትርፉን ለሱቅ ይሸጣሉ፣ ለጓደኛ ይሰጣሉ፣ አንዳንዱም ከወላጆቹ ጋር የተተወ እንቁላል እንዲበላ ይፈቅዳል። ወንዝና ሐይቅ ውስጥ መልቀቅ ግን አይታሰብም፤ በሜክሲኮ የኢንፊየርኒዮ ግድብ ከገንዳ ንግድ የመጡ ሰሌዳማ ዓሦች ተራብተው የቲላፒያ አጥማጆችን መረብ እስከመቅደድ ደርሰዋል። ለራሱ የሚያስቀረው አርቢ ከወንድምና እህት ሌላ ትውልድ እንዳያወጣ፣ ከሌላ ቤት የተወለዱ ሦስት አራት ወንዶች በራሱ ወንዶች ይለውጣል። ጫጩቶቹ ለርቢ የሚደርሱት በዓመታቸው ገደማ ስለሆነ፣ ለልውውጡ ጊዜ አለ።